የዕረፍት ሠንጠረዥ

ጥቅምት 9
በሽማግሌው እጅ የተላከ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እማዬስ እንዴት ናት፣ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁና ከነቀዙ በቀር ደህና ነኝ። ስለ ነቀዙ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ይቅርታ። ስልኬ ለምን እንደማይሠራ ሦስት ጊዜ ጠይቀሽኛል። አልጠፋብኝም፣ አልሸጥኩትምም። ካፒቴኑ የሁላችንንም ሰብስቦ ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል፤ «ከሥራ ያዘናጋል» ነው ምክንያቱ። ደብዳቤ ግን አልተከለከለም፤ በሁለት መንገድ ይሄዳል። አንዱ የኩባንያው ፖስታ ነው። እሱን ከመታሸጉ በፊት የካፒቴኑ ምክትል ቋንቋችንን በሚያውቅ ሰው ያስነብበዋል። አንባቢው ከእኛው መካከል አንዱ ነው፤ ማን እንደሆነ ስለማናውቅ እርስ በርስ እንተያያለን። ሌላው መንገድ ሽማግሌው ናቸው። ወደብ ስንደርስ ከመርከበኞች ማረፊያ ቤት የሚመጡ ጡረተኛ መርከበኛ ናቸው። በላስቲክ ከረጢት የሱፍ ቆብና ሳሙና ይዘው ይወጣሉ፣ ደብዳቤያችንን ኮታቸው ውስጥ ከተው ይወርዳሉ። በየወደቡ እንደሳቸው ያለ፣ ቋንቋችንን የሚያውቅ ባልንጀራ ስላላቸው፣ በማረፊያ ቤቱ አድራሻ ብትጽፊ ይደርሰኛል። በኩባንያው በኩል ስትጽፊ ግን ስለ አየሩና ስለ እማዬ ጉልበት ብቻ ይሁን።

ወጥ ቤቱ እኔው ሆኜ ሳለ ምን ትበላለህ ትይኛለሽ! ዳቦ፣ ሩዝ፣ ባቄላ፣ አልፎ አልፎ ዶሮ። ዱቄቱ ነቅዟል። ለምክትሉ ወስጄ ባሳየው «ወንፊት የለህም?» አለኝ። እነፋለሁ እንግዲህ። ቀጮ ዳቦውን ቆርሶ ወደ ብርሃን ያነሳና «ዛሬ ደግሞ ሥጋ አለው» ይላል።

ቀጮ ማለት ሞተር ክፍል ዘይት የሚቀባው ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ያደገ የሰፈራችን ልጅ፣ በአንድ ወኪል አብረን የተቀጠርን። ሚስቱ መናኸሪያው መስኮት ላይ ትኬት የምትቆርጠዋ ናት፤ ታውቂያት ይሆናል። ይህ ሰው ቆሞ ይተኛል ብልሽ ታምኚኛለሽ? የማቀዝቀዣዬን በር ተደግፎ፣ ሻዩን እንደያዘ ዓይኑን ይከድናል፤ ሻዩ ግን አይፈስም። አንድ ቀን ቆጥሬለታለሁ፣ አራት ደቂቃ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ምክትሉ ግድግዳ ላይ የምለጥፈውን የምግብ ዝርዝር አይቶ «እጅህ ያምራል» አለኝ። አባባ በማስመሪያ ጣታችንን እየመታ ያስተማረን ጽሕፈት ባሕር ላይ ተመሰገነ ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ሥራ ሊጨምርብኝ ኖሯል። የዕረፍት ሠንጠረዥ የሚባል ወረቀት አለ። መርከበኛ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከአሥር ሰዓት፣ በሳምንት ከሰባ ሰባት ሰዓት ያላነሰ ማረፍ አለበት የሚል የአገሮች ስምምነት አለ፤ እኛም መመገቢያ ክፍል ተለጥፏል። ማን ከስንት እስከ ስንት እንዳረፈ በየቀኑ ይጻፋል፣ ያረፈው ሰው ይፈርማል፣ ወደብ ላይ ተቆጣጣሪ ያየዋል። ሕጉ ይህ ነው። እኛ ግን አሥራ ሰባት ሰው በሚፈልግ መርከብ ላይ አሥራ ሦስት ነን። ስለዚህ እኔ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ቁጭ ብዬ የሠላሳውንም ቀን እሞላዋለሁ። አሥራ ሦስት ጎልማሳ በእስክሪብቶ አስተኛለሁ፤ የወለዱን እናቶች እንኳ ይህን ያህል አልቻሉበትም። ከዚያ ሁሉም ተሰልፎ የወሩን በአንድ ጊዜ ይፈርማል።

መጀመሪያ ሣቅኩበት። ሰሞኑን ግን ቀጮ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን አየና «እስቲ ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሁ?» አለኝ። «አሥር» አልኩት። «እኔም ቀለል ብሎኛል ስል!» አለ። ዓይኑ ግን ደም መስሎ ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ጎኑን አላሳረፈም። እትዬ፣ አንቺ ማመልከቻ ጸሐፊ ነሽ፣ ነገር ታውቂያለሽ። ልቀጥል ወይስ አልጽፍም ልበል?

ወንድምሽ፣ የነቀዝ ጠባቂው

—

ጥቅምት 27
በማረፊያ ቤቱ አድራሻ

ይድረስ ለወንድሜ፣

አፈር ልሁንልህ፣ እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ዝናብ ሲመጣ ይነግረናል፤ ከሬዲዮው ይሻላል። ደብዳቤህን አነበብኩላት። የቀጮን ዓይን ዘለልኩት፣ ነቀዙን ግን አልዘለልኩም፤ እየሣቀች «ወንፊት ያላስያዝኩት እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» አለች።

እኔ ያው ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ያው ጃንጥላ ሥር ነኝ። የጠረጴዛዬ አንድ እግር ስላጠረ የታጠፈ ካርቶን አስገብቼበታለሁ። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቱን አውራ ዶሮ ሊከስ የመጣ ሰውዬ ነበር። «ተከሳሹ መጥሪያ ሲደርሰው ይፈርማል?» ብዬ ብጠይቀው ተቆጥቶ ወደ ባላንጣዬ ጃንጥላ ሄደ። የቀጮም ሚስት መጥታለች። አውቃታለሁ፣ ትኬት ስትሰጥ መልስ ሳትቆጥር እንኳ የማትሳሳት ሴት ናት። «እንቅልፍ አያገኝም ይባላል፤ አደራሽን፣ ወንድምሽን ጠይቂልኝ። ሌላው ይቅር፣ አረፈ የሚል ወሬ ልስማ» አለችኝ።

አሁን ስለጠየቅከኝ። በዚህ ሥራ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አንድ የማውቀው ነገር አለ። ጸሐፊ አይጠየቅም፣ የሚጠየቀው ፈራሚ ነው። ባለጉዳዩ ያለኝን እጽፋለሁ፣ እሱ ይፈርማል፣ እውነቱም ውሸቱም የሱ ነው። እንዲህ ባላስብ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ሦስት ዓመት ተራ ጠብቀህ የተሳፈርክበት መርከብ ነው። ካንተ በፊት የነበረው ወጥ ቤት አጉረመረመ ተብሎ ዛሬ ስሙን የሚሰማ ወኪል እንደሌለ የነገርከኝ አንተው ነህ። እማዬን ሳልነግራት ብጠይቃት የምትለውን ታውቀዋለህ፤ ዝም አይነቅዝም። ስለዚህ ጻፍ፣ ዝም በል፣ ጊዜህን ጨርሰህ ና።

እህትህ

—

ኅዳር 14
በኩባንያው ፖስታ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን አላችሁ? እኔ ደህና ነኝ። አየሩ ጥሩ ነው። የእማዬ ጉልበት በመሻሉ ደስ ብሎኛል።

ምግባችን ጥሩ ነው። ዱቄቱም ደህና ነው። ሥራው እንደወትሮው ነው፤ የምክርሽን አድርጌያለሁ።

ስለ ቀጮ ለጠየቅሽኝ፣ አርፏል። ከእንግዲህ እንቅልፍ አያስቸግረውም። ለሚስቱ እንዴት እንደምትነግሪያት አንቺ ታውቂያለሽ።

ብዙ ባለመጻፌ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስለ ሁሉም ይቅርታ አድርጊልኝ።

ወንድምሽ

—

ታኅሣሥ 3
በማረፊያ ቤቱ አድራሻ

ወንድሜ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ መጀመር ፈርቻለሁ። ደህና ነኝ ብትለኝ አላምንህም።

የኅዳሩ ደብዳቤህ የደረሰኝ ጠዋት ነበር። ዱቄቱ ደህና ነው የምትለው ነገር ቀፈፈኝ፣ ግን ወደ ታች ስወርድ «አርፏል» ይላል። ደስታዬ! ባለጉዳይ አስቀምጬ ጠረጴዛዬን ጥዬ እስከ መናኸሪያው ሮጥኩ። በትኬት መስኮቱ በኩል እየተጋፋሁ «ባልሽ አረፈ! እንቅልፍ አያስቸግረውም ይላል ወንድሜ!» ብዬ ጮህኩላት። «ተመስገን» አለች። ሣቀች። ለሁለት ተሳፋሪ የተሳሳተ ትኬት ሰጠች፤ ትኬት የማትሳሳተዋ ሴት። ከኋላ የተሰለፉት ሰዎች ሳይቀር «እንኳን ደስ አለሽ» አሏት።

ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ቃል ነው እንጀራዬ። ዕረፍት ማለት እንቅልፍም ሞትም እንደሆነ እኔ ሳላውቅ ማን ያውቃል? ግን ሰው መስማት የሚፈልገውን ነው የሚያነበው።

ባለፈው ሐሙስ ወኪሉ ጠርቷት የኩባንያውን ደብዳቤ ሰጣት። ይዛው እኔ ጋ መጣች፤ የባለጉዳይ በርጩማዬ ላይ ተቀምጣ «አንብቢልኝ፣ እኔ ያነበብኩት ትክክል አይመስለኝም» አለች። «ኅዳር 11 ቀን በእኩለ ቀን፣ በዕረፍት ሰዓቱ፣ ያለ ማንም ትእዛዝ ወደ ጭነት ጉድጓዱ አፍ ሄዶ በመውደቁ አርፏል። በሥራ ላይ ስላልነበረ ኩባንያው ኃላፊነት አይወስድም» ይላል። አንድ ጊዜ አነበብኩላት። ሁለተኛ አንብቢልኝ አላለችም። ቀና ብላ «አንቺ ግን አረፈ ብለሽኝ ነበር» አለች። 

ከደብዳቤው ጋር የወሩ ሠንጠረዥ ግልባጭ ተያይዟል፤ እስከ 11ኛው ቀን ተጽፎ ከሥሩ ተሰምሮበታል። የሞተበት ቀን መስመር ላይ «ዕረፍት፣ ከ09 እስከ 19» ይላል። የዘጠኞቹን ጭራ አየሁ። ወደ ታች ወርዳ፣ ወደ ግራ ታጥፋ፣ ጫፏ ላይ ነጥብ። አባባ ነፍሱን ይማረውና፣ ከእሱ ሌላ ዘጠኝን እንዲህ የሚጽፍ በዓለም ላይ ሁለት ሰው ነው፤ እኔና አንተ።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። እጅህ ነው? በዚያ ሰዓት ሰውየው ተኝቶ ነበር? ሴትዮዋ ማመልከቻ ጻፊልኝ ብላለች። «ሰኞ ነይ» አልኳት። ሰኞ ስትመጣ «ሐሙስ ነይ» አልኳት። እንዲህ ያለ ቀጠሮ የሚሰጡትን ዳኞች ስረግም የኖርኩ ሴት! ሠንጠረዡ ውሸት ነው ብዬ ብጽፍላት ውሸታሙ አንተ ነህ። ባልጽፍላት ባሏ በገዛ ጥፋቱ እንደሞተ ይቀራል። የምክርሽን አድርጌያለሁ ብለኸኛል። ምክሬን መልስልኝ፣ ወንድሜ፤ እውነቱን ጻፍልኝ።

እህትህ

—

ታኅሣሥ 22
በሽማግሌው እጅ የተላከ

እትዬ፣

እጄ ነው። አልተኛም ነበር።

ሰላምታ ሳላቀርብ በመጀመሬ ይቅርታ፤ እነዚህን ሁለት ነገሮች ሳልጽፍ ሌላ መጻፍ አልቻልኩም። እንደምን አላችሁ?

ደህና ነህ ወይ ማለት ፈርተሻል፤ አልታመምኩም። አልመቱኝምም። አዎ፣ «አርፏል» ብዬ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። በኩባንያው ፖስታ «ሞቷል» ብዬ ብጽፍ አይሄድም ነበር። አንቺ ቃል አዋቂ ነሽ፣ ይገባሻል ብዬ ነው። አንባቢው ማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፤ ግን ቋንቋችንን እያወቀ ያችን ቃል አሳልፏታል። አንቺን ግን እንዲህ እንደምታደርግሽ አላሰብኩም። ስለ መናኸሪያው የጻፍሽውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ማረኝ አትበይኝ፤ ማሪኝ የምለው እኔ ነኝ።

ቀጮ ያን ዕለት ሠላሳ አንድ ሰዓት ሳያቋርጥ ሥራ ላይ ቆይቶ ነበር። ሞተር ክፍል ጨርሶ ሲወጣ ለጭነት ጉድጓድ ጠረጋ ሰው አነሰ ብለው ላኩት። መሐል ላይ እኔ ጋ ገባ። ማቀዝቀዣውን ተደግፎ ሻይ ሰጠሁት፣ ዓይኑን ከደነ፣ ሻዩ ፈሰሰ። ያ ሻይ ፈሶ አያውቅም ነበር። ወለሉን ወለወልኩ። «ልሂድ እንግዲህ፣ በሠንጠረዥህ ላይ ተኝቻለሁ አይደል?» አለና ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍልሽም። ያየሁትን ለሚስቱ የምነግራት በአፌ ነው።

በነጋታው ምክትሉ አዲስ ወረቀት አምጥቶ «እስከ 11 ድረስ ገልብጠህ አስምርበት፤ አሮጌውን ቅደድ» አለኝ። ግልባጩን ጻፍኩ፤ አንቺ ያየሽው እሱን ነው። እሱ ፊት የቀደድኩት ግን የምግብ ዝርዝር ነበር። አሮጌው ሠንጠረዥ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ተመልከቺው፤ ቀጮ ከሞተ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ በየቀኑ አሥር አሥር ሰዓት አርፏል። ፈርሟልም። ምክትሉና ካፒቴኑም ከሥር ፈርመዋል። ሠንጠረዡ በሙሉ አስቀድሞ የተሞላ ውሸት ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

የት ደብቄው እንደቆየሁ ብነግርሽ ትስቂያለሽ። ነቀዝ የወረረው ዱቄት ጆንያ ውስጥ ነው፤ ማንም እጁን አይከትበትም። ዝም አይነቅዝም ብለሽኝ ነበር። ዝምታዬን ዱቄቱ ውስጥ ባስቀምጠው ነቀዘ፣ እትዬ።

ጥር 18 ወደብ እንገባለን። ተቆጣጣሪ ከመጣ በአፌ እነግረዋለሁ። ማንም መርከበኛ አቤት በማለቱ አይቀጣም የሚለው ሕግ መመገቢያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ አለ። ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ ግድግዳው የነሱ መሆኑ ነው። እስከዚያ ማመልከቻውን አዘጋጂ፣ ግን እኔ ከዚህ መርከብ ሳልወርድ እንዳታስገቢ። የሰው ፊት ተለውጦብኛል። ትናንት ምክትሉ ዱቄት መጋዘኑ ገብቶ «ይህ ሁሉ ይጣል፣ እያንዳንዱ ጆንያ ይራገፍ» አለ። ስድስት ወር ስለምነው ያልሰማው ሰው! ዛሬ ምሳ ላይ ደግሞ ከላይ ወለል በሚሠሩት መርከበኞች መካከል እየዞረ እጁ የሚያምር ሰው ሲፈልግ ነበር። እኔ እያለሁ ለምን ሌላ ጸሐፊ እንደሚፈልግ ጠየቅኩት። «ድንገት ብታርፍ» አለኝ።

ለእማዬ ይህን አታንብቢላት። ሆድሽ ይፍጀው።

ወንድምሽ

—

ጥር 5
በኩባንያው ፖስታ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። እዚህ አየሩ ደመና ነው፣ ዝናብ ግን አልጣለም። የእማዬ ጉልበት ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዛታል።

የላክኸው ሁሉ በደህና ደርሶኛል። በማረፊያ ቤቱ ሰዎችም እጅ ሌላ ሰላምታ ልኬልሃለሁ፤ ተቀበላቸው።

እማዬ ጽሕፈትህን ማየት ናፍቃለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ብዙ አትጻፍላት። ዘጠኝ ቁጥር እንደምትወድ ታውቃለህ፤ ወደብ ስትገቡ ዘጠኝ ያለበት ቀን ላይ አንዲት መስመር ጻፍላት፣ ይበቃታል። እኔም እሱን እስካይ ምንም አላደርግም።

ደረብ አድርገህ ልበስ። የሚንሸራተት ወለል ላይ ብቻህን አትሂድ።

እህትህ

—

ጥር 19
በኩባንያው ፖስታ

ውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

ዛሬ ጥር 19 ነው። ወደብ በደህና ገብተን ጭነት አራግፈናል። ቀጣዩ ወደብ የካቲት 9 ነው። መርከባችን ንጹሕ ናት፤ መመገቢያ ክፍሏ 9 መስኮት አለው። አዲስ ዱቄት 9 ጆንያ መጥቷል። ሁላችንም በቂ ዕረፍት እናገኛለን።

ሥራ ስለሚበዛ ቶሎ ቶሎ መጻፍ አልችልም። አታስቢ። እናታችንን 9 ጊዜ ሳሚልኝ።

ወንድምሽ

—

ጥር 29
በኩባንያው ፖስታ

ይህን ለምታነበው ሰው፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ስምህን ስለማላውቅ ይቅርታ። ደብዳቤያችንን ሁሉ ስታነብ የከረምክ ሰው ነህና እንግዳ አይደለንም። የጥር 19ኙንም የጻፍከው አንተ ነህ።

እንዴት አወቅሽ ብለህ እንዳትጨነቅ፣ የምነግርህን ያህል እነግርሃለሁ። ወንድሜ ከተወለደ ጀምሮ «እትዬ» እንጂ «እህቴ» ብሎኝ አያውቅም። ጽሕፈትህ ያምራል፤ ሰጥተውህ ሳታጠና አልቀረህም፣ ፊደሎቹ የሱን ይመስላሉ። አንድ ዘጠኝ ለምኜ ደብዳቤውን በዘጠኝ ሞላህልኝ። በደብዳቤዬ የተጠየቀው ነገር ምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ እንዳይጎድል ብለህ አበዛኸው። ከሁሉም አንዱም የአባቴ ዘጠኝ አይደለም። የአባቴ ዘጠኝ እንዴት እንደሆነች ግን አልነግርህም።

ለወንድሜ በማረፊያ ቤቱ በኩል የላክኩት ደብዳቤ ተመልሶ መጥቷል። የሽማግሌው ባልንጀራ ከጀርባው ጽፈውበታል። ጥር 18 ቆቦቻቸውን ይዘው ወደ መርከቡ ሄዱ፤ ከዚህ በፊት ተከልክለው የማያውቁ ሰው መሰላሉን እንዳይወጡ ተከለከሉ። ከታች ቆመው ወጥ ቤቱን ቢጣሩ አንድ ሰው ከላይ ብቅ ብሎ «አርፏል» አላቸው። ሌላ ነገር ሳይጨምር ገባ። ያ ሰው አንተ ትሆን?

ወረቀቱን ይዤ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። አርፏል። አንድ ጊዜ በዚህ ቃል ተሳስቼ በአንዲት ሴት ላይ የሠራሁትን ሰምተህ ይሆናል። አሁን መሳሳት እፈልጋለሁ። ተኝቶ ነው፣ ደክሞት ነው፣ አትቀስቅሱት ማለታቸው ነው እላለሁ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔም ፈርቻለሁ፣ ምን ልደብቅህ። እማዬ ደብዳቤህን አንብቢልኝ ብላ አነበብኩላት፤ 9 ጊዜ ሳሚልኝ የሚለው ላይ ስደርስ ጉንጯን ሰጠችኝ። ዘጠኝ ጊዜ ሳምኳት። ስምህን ሳላውቅ በስምህ ሳምኳት።

ወንድሜ ሳልወርድ እንዳታስገቢ ብሎኝ ነበር፤ እኔም ዘጠኟን እስካይ እጠብቃለሁ ብዬ ነበር። አየኋት፤ የሱ አይደለችም። ስለዚህ አስገብቻለሁ። የካቲት 9 የምትገቡበት ወደብ ተቆጣጣሪዎች ዘንድ የቀጮ ሚስት ማመልከቻ ደርሷል፤ ከሱም ጋር ከሞተ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ቀን ያረፈው ሰው ሠንጠረዥ ዋናው አለ። ይህ ደብዳቤ እጅህ ሲገባ እነሱ መሰላሉ ላይ ናቸው። ለምክትሉ ብታስነብበው ግድ የለኝም። እንዲያውም አስነብበው፤ ከዚህ በኋላ ወንድሜን መደበቅ እንደማይጠቅመው ይወቅ። ተቆጣጣሪዎቹ ከማንም በፊት ወጥ ቤቱን ይጠራሉ፣ ወረቀት ሰጥተው ዘጠኝ ጻፍ ይሉታል። ዘጠኟ እንዴት መሆን እንዳለባት አሳይቻቸዋለሁ፤ እኔም እንደዚያው ነው የምጽፋት።

አንተን ግን ልከስህ አልተቀመጥኩም። ኅዳር ላይ «አርፏል» የምትለዋን ቃል ያሳለፍካት አንተ ነህ። ምን ማለት እንደሆነች እያወቅክ ዝም አልክ፣ ሴትዮዋ ታውቅ ዘንድ። ያን ያደረገ ሰው ልብ አለው። አሁን ሠንጠረዡን የምትሞላውም አንተ ነህ መሰለኝ፤ ራስህንም በየቀኑ አሥር ሰዓት ታስተኛለህ። ትናንት በእውነት ስንት ሰዓት ተኛህ? ጸሐፊ አይጠየቅም ብሎ የነገረህ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ለገዛ ወንድሜ ነው የመከርኩት። ውሸት ነበር። በዚህ ማመልከቻ ግርጌ፣ ሴትዮዋ ከፈረመችበት ሥር፣ በአሥራ ስምንት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ጸሐፊ» ብዬ ስሜን ጽፌ ፈርሜያለሁ። ነገ አንተም ብታርፍ ለእናትህ ደህና ነኝ ብሎ የሚጽፍላት እጁ የሚያምር ሰው አያጡም።

ወንድሜ በሕይወት ካለ፣ አደራህን፣ እስክሪብቶውን መልስለት።

የወጥ ቤቱ እህት
ጸሐፊም ፈራሚም